ከመስመሩ ሥር ያሉ ቁጥሮች

ምንታምር ወረቀት አምጥታ ዘረጋች
ከሒሳብ መዝገቤ፣ ከደረሰኝ በላይ፤
«ሦስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ሶናታ፣
ለቫዮሊን ነው፤ እስቲ የአንተን እይ።»

አየሁት። ከላይ የእሷ መስመር አለ፣
ሽቅብ ይሮጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፤
ከታች የኔ መስመር፣ ቀስ ብሎ፣ ረጋ ብሎ
አንድ ነጠላ ድምፅ እየረገጠ ይሄዳል።
ከሥሩም ቁጥር ብቻ፦
ስድስት። ሰባት። አራት፣ ከዚያም ሦስት።
«የቀረውስ የታል?» «ያንተው ነው» አለችኝ፤
«ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው የተወልህ ክፍት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ጎደሎ ስሞላ
በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ በሒሳብ ክፍል፣
ቁጥር «እንደወደድክ» ብሎኝ አያውቅም፤
ሲጎድል ሰው ነበር ከደሞዙ የሚከፍል።

እሑድ እሑድ ኪቦርድ ለመዘምራኑ
በሦስት ኮርድ ብቻ እመታ ነበረ፤
አሁን ግን ግራ እጄ ከቀኜ ተጣልቶ
እንደ አዲስ ተማሪ ሀ ሁ ጀመረ።

ቼሎ ሐዋሳ ላይ ፈልገን ስናጣ
ቡሪሶን ለመንነው፣ የሠርግ ቤቱን ንጉሥ፤
ቤዝ ጊታሩን ታቅፎ፣ ማስቲካ እያላመጠ፣
«ይሄ የማን ሙት ነው?» አለን፣ ገጹን አይቶ ሳይጨርስ።

የዚያ አገር ሰዎች ለታችኛው መስመር
«ቀጣይ» ብለው ነው ስም ያወጡለት፤
ላይኛው ሲያርፍ እንኳ እሱ አያርፍምና፣
እንደ ዘበኛ ነው፣ እንቅልፍ የለበት።

አዳራሹ ካሞራ ገደል አይርቅም፤
የዓሣው ሽታ በመስኮት ይገባል፣
አባ ኮዳ ደግሞ ጣሪያው ላይ ተሰይሞ
ቆርቆሮውን በእግሩ ይደልቃል፣
ሁልጊዜ ከምት ውጪ።

የዝግጅቱ ዕለት፣ ምሽት አንድ ሰዓት፣
ስልሳ ወንበር ደርድረን ሃያ ሦስቱ ሞላ፤
አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ተሳፋሪው ገብቶ
ሒሳቡን ሊቀበል ሲል የቀረ ኋላ።

ዝግተኛው አለፈ፣ ፈጣኑም አለፈ፤
ቡሪሶ ጠቀሰኝ፣ ሠርግ ቤት ያለ መሰለው።
ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ዳግም ዝግ ሲል ዜማው፣
እሷ አንዱን ድምፅ ስባ፣ ስባ ስታንጠለጥለው፣
እኔ ሰባትን ይዤ ወደ ስድስት ልፈታ ስል —

መብራት ሄደ።

ኪቦርዱ ዱዳ። የቡሪሶ ማጉያ ዱዳ።
ቀጣይ የተባልነው ቀድመን ተቋረጥን።

እሷ አላቆመችም።
ያ ቀጭን መስመር በጨለማው መሐል
ምሰሶው እንደተነሣ ሰገነት
ብቻውን ቆመ። አልቸኮለችም፤
ለኔ ስድስት የምትሆን ቦታ ትታ፣
ጠብቃ፣ የሌለውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰምታ
ነው ወደ ሌላው የተሻገረች።

የሞተ ቁልፍ ላይ ጣቴን አወረድኩ፤
ፕላስቲኩ ቀጭ አለ፣ እንደ ጥርስ።
ቡሪሶም በደረቅ ክሩ፣
ትንኝ የምታህል ድምፅ ያወጣ ጀመር።
ማስቲካውን ውጧል መሰለኝ።
ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ፤
ሰዉ ወደ ፊት እየተጠጋ ነበር።
ጣሪያው ላይ አባ ኮዳው አንዴ ረገጠ፣
በምቱ፤
ወይም እኛ ነን እስከዛሬ ስንዘገይ የኖርን።

በመጨረሻው ድምፅ መብራቱ መጣ።
ኪቦርዱ ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ጀመረ።
ሰዉ አጨበጨበ፣ ሾፌሩ አፏጨ፤
ለእሷ ይሁን ለመብራቱ አላወቅሁም።
ምንታምር ላቧን በክንዷ ጠርጋ
«አራተኛው ይቀራል» አለች፣ ገጽ ገለጠች።

ማክሰኞ ጠዋት መዝገቡ ፊቴ ነው፤
ከዓምዱ ግርጌ አንድ ሰባት ቆሟል፣
ጣቴ ሳላዝዘው ጠረጴዛው ላይ ወረደ።
አለቃዬ አየኝ። «ምን ጎደለ?» አለ።
«ስድስት» አልኩት።
መነጽሩን አጠለቀ፣
ደረሰኞቹን ማገላበጥ ጀመረ።